ጽጌረዳዋ ምን ጎደላት?

ሰኔ ገብቷል። አዲስ አበባ ውስጥ በወንዝ ዳርና በአስፋልት ጥግ ተደርድረው የሚውሉት የችግኝ መሸጫዎች እንደዚህ ወር የሚደምቁበት ጊዜ የለም። ዝናቡ ሊከብድ ነውና ግቢ ያለው ሁሉ አንድ ነገር ልትከል ብሎ ይመጣል። ከመሸጫዎቹ በአንዱ፣ ነጠላቸውን እስከ ጆሯቸው የተከናነቡ እናት ስልካቸው ላይ ያለ ፎቶ ለወጣቱ ችግኝ ሻጭ ያሳያሉ።

«እያት እስቲ ልጄ፤ ቁመቷ እኔን በልጧል። ቅጠሏም እንዲህ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ያብረቀርቃል። አበባ ግን የለም። ከፋሲካ ወዲህ አንዲት እንቡጥ አላየሁባትም።»

ልጁ ፎቶውን አጉልቶ አየ። «ፀሐይ ታገኛለች?»

«ከጠዋት እስከ ማታ!»

«ምን ሰጥተዋት ነበር እማማ?»

«ጎረቤቴ ከገጠር ያመጣችው ነጭ ማዳበሪያ ነበር፤ ዩሪያ ነው መሰለኝ። እፍኝ እፍኝ አደረግሁላት። መጀመሪያ እኮ ስታድግ ደስ ትል ነበር።»

ልጁ ከኋላው ሁለት ነገር አወጣ። አንዱ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ከዝናብ በኋላ እንዳለ ጫካ የሚሸት ብስባሽ የሞላበት ጆንያ ነው። ሌላው በትንንሽ ፌስታል የተቋጠረ ግራጫ የማዳበሪያ ፍሬ። ከዚያ ሴትዮዋ ራሳቸው ጠየቁ፤ «የተፈጥሮው ነው የሚሻለው የፋብሪካው?»

አበባ የሚተክል ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። የሚያገኘው መልስ ግን ብዙ ጊዜ ጎራ የለየ ነው። አንዱ «ኬሚካል አፈር ይገድላል» ይለዋል፤ ሌላው «በፍግ አበባ ጠብቀህ መቼ ልታይ ነው?» ይለዋል። እኔ ከሁለቱም ይልቅ ወጣቱ አስቀድሞ የጠየቃቸውን ሁለት ጥያቄዎች አከብራለሁ። ፀሐይ ታገኛለች? ምን ሰጥተዋት ነበር? ተክሉ የሚያስፈልገውና አፈሩ ያለው ሳይታወቅ ከጆንያውና ከፌስታሉ መምረጥ አይቻልም።

የሴትዮዋ ጽጌረዳ ችግር ለሚያውቅ ሰው ከፎቶ ይነበባል። ዩሪያ ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጅን ነው። ገበሬ እጅ ከሚገቡት ጠጣር ማዳበሪያዎች በናይትሮጅን የሚስተካከለው የለም። ናይትሮጅን ቅጠልና ግንድ ይሠራል። ከልክ ሲያልፍ ተክሉ ማደጉን አያቆምም፤ ወደ ማበብ የሚያዞረው ነገር የለምና ቅጠል በቅጠል ላይ ይደርባል። የሚያወጣው ለምለም ቀንበጥም ክሽክሽ ይጠራል፤ ክሽክሽ ለስላሳና ናይትሮጅን የበዛበትን ቡቃያ ይወዳልና። ቦጋንቪሊያም እንዲሁ ነው። ብዙ ናይትሮጅን የጠገበ ቦጋንቪሊያ አጥሩን ሁሉ በአረንጓዴ ይሸፍንና ያንን የሚናፈቅ ሐምራዊ ቀለሙን ይነፍጋል።

ታዲያ ጥፋቱ የዩሪያ «ኬሚካልነት» ነው? እዚህ ላይ አንድ የቆየ ታሪክ ማንሳት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 ፍሬድሪክ ቮለር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በርሊን ውስጥ ዩሪያን በላቦራቶሪ ሠራ። ዩሪያ እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው በሽንት ውስጥ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሕያው አካል ካልሆነ በስተቀር ማንም ሊሠራው አይችልም የሚል እምነትም ነበር። ቮለር ያለ እንስሳ፣ ያለ ኩላሊት ሠራው፤ የሠራውም በላም ሽንት ውስጥ ካለው በምንም አይለይም ነበር። ዛሬ በፋብሪካ የሚመረተው ዩሪያ መነሻው አየር ነው። ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 የአየርን ናይትሮጅን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ፤ ካርል ቦሽ ደግሞ ዘዴውን ወደ ፋብሪካ አሳድጎ በ1913 ጀርመን ኦፓው ላይ ማምረት ተጀመረ። ሃይድሮጅኑ አሁን በአብዛኛው የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ሌላው የታወቀ ማዳበሪያ፣ ፎስፈረሱ፣ ከመሬት የተቆፈረ ዐለት ነው። ሞሮኮ በዚህ ዐለት ክምችት ከዓለም ቀዳሚ ናት፤ ወደ እኛ የሚገባውም በብዛት ከዚያው ነው።

የተክል ሥር ይህንን ታሪክ አያውቅም። ናይትሮጅንን የሚወስደው በውሃ በሟሟ ናይትሬት ወይም አሞኒየም መልክ ነው፤ ከፍግ ይምጣ ከፋብሪካ ሥሩ ዘንድ ልዩነት የለውም። ልዩነቱ ያለው ፍጥነቱ ላይ፣ መጠኑ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምግቡ ካለቀ በኋላ አፈሩ ውስጥ በሚቀረው ነገር ላይ ነው። ፋብሪካው የሚሰጠው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሟሟል፤ ተክሉ የቻለውን ይወስዳል፣ ያልቻለውን የክረምት ዝናብ ያጥበዋል። ዩሪያው መሬት ላይ ተበትኖ ከተተወ ደግሞ ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ብስባሹ ግን በረቂቅ ተሕዋስያን እየተፈታ ወራትን አልፎም ዓመታትን ቀስ እያለ ይመግባል፤ ከዚያ የሚቀረው ጥቁር ነገር አፈሩን አፈር ያደርገዋል።

በጆንያ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ማንበብ ለሚችል ብዙ ይናገራሉ። ለረጅም ጊዜ አገራችን ውስጥ «ማዳበሪያ» ሲባል የሚታወቁት ዳፕና ዩሪያ ነበሩ። ዳፕ ላይ 18-46-0 ይላል፤ 18 እጅ ናይትሮጅን፣ 46 እጅ ፎስፌት፣ ፖታሲየም ምንም ማለት ነው። ኋላ ለዓመታት ዳፕን የተካው ኤንፒኤስ 19 እጅ ናይትሮጅን፣ 38 እጅ ፎስፌትና 7 እጅ ድኝ አለው። እዚህም ፖታሲየም የለም። አጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 መርፊ የተባለ ተመራማሪ በዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በኩል ያወጣው የአፈር ጥናት የኢትዮጵያ አፈር በፖታሲየም ሀብታም ነው የሚል እምነት አስያዘ፤ እምነቱም ለአሥርት ዓመታት ጸና። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የአገር አቀፍ የአፈር ካርታ ሥራ ግን ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ በብዙ ቦታ፣ ፖታሲየምም በአንዳንድ ቦታ እንደሚጎድል አሳየ።

ለጤፍና ለስንዴ የታሰበውን ማዳበሪያ ወደ አበባ መደብ ሲያመጡት ይህ ክፍተት ጎልቶ ይታያል። ፖታሲየም የአበባን ግንድ ያጠነክራል፣ ተክሉ ውሃ እንዲቆጥብና በሽታን እንዲቋቋም ይረዳል፣ በደንብ ማበብም ይህንኑ ይፈልጋል። ርካሹ ምንጩ ከየቤታችን ምድጃ ይወጣል፤ አመድ ነው። የማገዶም ሆነ የከሰል አመድ በዓመት አንድ ሁለቴ እፍኝ ያህል ከጽጌረዳ ዙሪያ ቢነሰነስ ፖታሲየምም ካልሲየምም ይሰጣል። አመድ ግን የአፈርን ኮምጣጣነት ይቀንሳልና ሲበዛ ጎጂ ነው፤ ከዩሪያ ወይም ከኤንፒኤስ ጋር አንድ ላይ ከተደባለቀም ናይትሮጅኑን አሞኒያ አድርጎ ያባርረዋል። በመካከላቸው ጥቂት ሳምንታት ይለፉ።

ወጣቱ ለሴትዮዋ የሰጠው መልስ ከዚህ ሁሉ ጋር ይስማማል። ግራጫውን ፌስታል ወደ ቦታው መለሰው። «አሁን ማዳበሪያ አይግዙ እማማ። ዩሪያውን ያቁሙ፣ ዝናቡ ያጥበው። ዝናቡ ሲያባራ ደረቁንና ቀጫጭኑን ቅርንጫፍ ይግረዙ፤ ከዚያ አንድ ባልዲ ብስባሽና ትንሽ አመድ ይበቃታል።» ሊሸጥ የሚችለውን ትቶ እውነቱን የተናገረ ነጋዴ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚሸጠው ችግኝም ይታመናል።

አሁን ወደ አፈሩ። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከጉለሌና ከሽሮ ሜዳ አካባቢ ብትቆፍሩ በብዛት ቀይ አፈር ታገኛላችሁ። ወደ ቦሌ፣ አቃቂና ቃሊቲ ስትወርዱ በበጋ የሚሰነጣጠቅ፣ በክረምት ጫማ የሚነቅል ጥቁር መረሬ ይገጥማችኋል። ቀዩ አፈር ውሃ ያሳልፋል፤ ፎስፈረስን ግን ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር አጣብቆ ይይዝና ለሥር አይለቅም። ስለዚህ በቀይ አፈር ላይ ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ ከላይ በትኖ መተው ገንዘብ መበተን ነው፤ ፎስፈረስ ከወደቀበት ብዙም አይንቀሳቀስም። በተከላ ጊዜ ከብስባሽ ጋር ተደባልቆ ሥሩ አጠገብ ሲገባ የተሻለ ይጠቅማል። መረሬው በአንጻሩ ምግብ አያጣም፤ የሚያጣው አየር ነው። እዚያ ላይ የሚታመም አበባ ብዙውን ጊዜ የታፈነ እንጂ የተራበ አይደለም፤ የቱንም ያህል ዩሪያ ቢሰጡት አይድንም። ከፍ ያለ መደብ፣ ብዙ ብስባሽ፣ ውሃው የሚወጣበት ቦይ ያድነዋል።

ሦስተኛ ዓይነት አፈርም አለ፤ ከተማዋ ራሷ የፈጠረችው። በአዳዲስ ሰፈሮች ቤት ሲሠራ ለሙ የላይኛው አፈር ተዝቆ ይሄዳል ወይም ከመሠረት በወጣ ድንጋያማ አፈር ሥር ይቀበራል። ከዚያ ላይ ሲሚንቶ፣ ኖራ፣ የብሎኬት ስባሪ ይደፋል። እንዲህ ባለ ግቢ የተተከለ አበባ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ የቅጠሉ ጅማቶች ግን አረንጓዴ እንደሆኑ ሲቀሩ ታያላችሁ። ብረት አንሶታል። ብረቱ አፈሩ ውስጥ ጠፍቶ ሳይሆን ኖራው አስሮበት ነው። ዩሪያ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም፤ አመድ ደግሞ ያባብሰዋል። አንድ ክንድ ያህል ቆፍሮ ፍርስራሹን ማውጣትና ጥሩ አፈር ከብስባሽ ጋር መሙላት ነው መፍትሔው። አድካሚ ነው፤ ያለ እርሱ ግን የሚወጣው ወጪ ሁሉ ከንቱ ነው።

ብስባሽ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ኮተቤ አካባቢ ጡረታ የወጡ መምህር ግቢ መግባት ይበቃል። ጎረቤቶቻቸው «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። ከጓሮው ጥግ አንድ ሜትር ቁመት፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ክምር አለ፤ መሐሉ ላይ አንድ ረጅም እንጨት ተተክሏል። እንጨቱን ነቅለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ያቃጥላል።

«ትኩስ ከሆነና ከረጠበ ሥራው እየተሠራ ነው። ቀዝቅዞ ደርቆ ከወጣ ውሃ ጠምቶታል። ቀዝቅዞ ከሸተተ ደግሞ ውሃ በዝቶበታል፣ ታፍኗል፤ ትገለብጠዋለህ» አሉኝ።

አሠራሩ የደረቅና የእርጥብ ሚዛን ነው። ደረቁ ገለባ፣ የወደቀ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን፣ የተከተከተ የጫት ገራባ ነው፤ ካርቦን ይሰጣል። እርጥቡ የጎመን ገለፈት፣ የታጨደ ሣር፣ የቡና አተላና እበት ነው፤ ናይትሮጅን ይሰጣል። ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲኖር ረቂቅ ተሕዋስያኑ በደንብ ይሠራሉ፤ በእጅ ሲለካ ደረቁ በመጠን ከእርጥቡ ቢበዛ ማለት ነው። ጋሼ በየንብርብሩ ላይ ጥቂት የግቢ አፈር ይነሰንሳሉ። ክምሩ በደንብ ሲሞቅ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ይህ ሙቀት ብዙውን የአረም ዘርና የበሽታ ተሕዋስ ይገድላል። በየሦስት በአራት ሳምንቱ ይገለበጣል፤ በሦስት ወይም በአራት ወር ይደርሳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አያስገቡም፤ በቶሎ አይበሰብስም። የሰርዶ ሥርም እንዲሁ፤ ክምሩ ጠርዝ ላይ ተርፎ መደቡን ይወርሰዋል። ሥጋና ዘይት አይጥ ይጠራል።

ብስባሽ በአገራችን የትዝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በማስረጃ የተፈተነ ነው። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1996 ከትግራይ ገበሬዎችና ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር የጀመሩት ሥራ ብስባሽ የገባበት ማሳ የፋብሪካ ማዳበሪያ ከገባበት የሚስተካከል፣ በብዙ ሰብልም የሚበልጥ ምርት እንደሰጠ መዝግቧል። ገበሬዎቹ ያስተዋሉት ሌላም ነገር ነበር፤ ብስባሹ በሁለተኛውም ዓመት ይሠራል። ሁለቱ ምሁራን ዛሬ በሕይወት የሉም፤ እንጨት ተክሎ ክምርን የመመርመሩ ዘዴ ግን ከገጠር እስከ ኮተቤ ጓሮ ቀጥሏል።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ «የተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» የሚለውን አባባል መቃወም ግዴታዬ ነው። ትኩስ የዶሮ ኩስ ሥር ያቃጥላል፤ ናይትሮጅኑ ብርቱ ነው፣ ከመግባቱ በፊት ወራት መብላላት አለበት። ትኩስ እበትም የአረም ዘር ይዞ ይመጣል፤ ሰላጣና ጎመን በአበባው አጠገብ ካለ ደግሞ በሽታም ያመጣል። ያልበሰበሰ ገለባ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ተሕዋስያኑ እሱን ለማፍረስ የአፈሩን ናይትሮጅን ስለሚሻሙ አበባው ለጊዜው ይገረጣል። የቡና አተላም ከላይ በወፍራሙ ሲደፋ ደርቆ ውሃ የማያሳልፍ ቅርፊት ይሆናል፤ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ነው የሚጠቅመው። በዚያ ላይ ፍግ ምን እንደያዘ በእርግጥ አይታወቅም። የደረቀ የከብት ፍግ ከመቶው አንድ ወይም ሁለት እጅ ናይትሮጅን ቢኖረው ነው፤ ያም ከብቱ በበላውና ፍጉ በተቀመጠበት ሁኔታ ይለያያል። ዝናብ ሲወርድበት የከረመ ክምር ጥሩው ነገሩ ታጥቦ ሄዷል።

መጠኑ በትክክል በሚታወቅ ምግብ ላይ የቆመ የአበባ ዓለምም አጠገባችን አለ። ከዝዋይ እስከ ሆለታና ቢሾፍቱ የተዘረጉት የጽጌረዳ እርሻዎች ኢትዮጵያን ከኬንያ ቀጥሎ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ አድርገዋታል። እዚያ ምግቡ ከመስኖው ውሃ ጋር በጠብታ ይሰጣል። ካልሲየም ናይትሬቱና ብረቱ በአንድ ታንክ፣ ፎስፌትና ሰልፌቱ በሌላ ታንክ ይቀመጣሉ፤ ገና ሳይቀጥኑ ከተገናኙ ካልሲየሙ ከእነርሱ ጋር ተጣብቆ እንደ ደለል ይወርዳልና ቱቦ ይደፍናል። ባለሙያው የውሃውን ጨውነትና ኮምጣጣነት በየቀኑ ይለካል። ግንዱ በተፈለገው ቁመት፣ እንቡጡ በተፈለገው ቀን እንዲደርስ የሚያደርገው ይህ ልኬት ነው። ከተክሉ የተረፈው ውሃ የት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ግን ከእርሻዎቹ ጋር አብሮ አድጓል፤ በተለይ በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ። አንዳንድ እርሻዎች ውሃውን በድጋሚ መጠቀም ወይም በደንገል መሰል ተክሎች በተሞላ ረግረግ ማጣራት ጀምረዋል።

እኛ በግቢያችን የእርሻውን ማዳበሪያ ስንገዛ የእርሻውን መለኪያ አብረን አንገዛም። የማዳበሪያው አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እፍኝ መለኪያ አይደለም። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ በመሬት ላይ ለተተከለ አበባ መሠረቱ ብስባሽ ይሁን፣ ለአንድ ያደገ ጽጌረዳ በዓመት አንድ ባልዲ። ተክሉ ተገርዞ ወይም ደክሞ እያለ ቶሎ እንዲነሣ ከተፈለገ የፋብሪካው በልክ ይጨመር፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኤንፒኤስ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ፣ አፈር ለብሶ፣ ውሃ ጠጥቶ። ጊዜውም መስከረም እንጂ ሐምሌ አይደለም፤ በሐምሌ የሰጡትን ናይትሮጅን ጎርፍ ይወስደዋል። አበባ ሁሉ እንደ ጽጌረዳ በላተኛ እንዳይመስላችሁ። ኮስሞስና ጄራኒየም በለማ አፈር ላይ ቅጠል ያበዛሉ። አደይ አበባ ደግሞ ማንም ሳይመግባት በየመንገዱ ዳር መስከረምን ታደምቃለች፤ መደብ ውስጥ ዘሯን ለሚበትን ሰው ምክሬ ምንም እንዳይሰጣት ነው።

በረንዳ ላይ በሸክላ ለሚተከለው ግን ሚዛኑን ትንሽ ወደ ፋብሪካው አዘነብላለሁ። በሸክላ ውስጥ ያለው አፈር ጥቂት ነው፤ በየቀኑ ውሃ ሲጠጣ ምግቡ ከሥር በቀዳዳው ይወጣል፣ ብስባሹን የሚፈታው ሕይወትም በመሬት ውስጥ እንዳለው አይበዛም። አንድ ሦስተኛ ብስባሽ ያለው አፈር ላይ፣ በሚያብብበት ወራት በየሁለት ሳምንቱ በጣም የቀጠነ የሚሟሟ ማዳበሪያ ማጠጣት ተገቢ ነው። ፖታሲየም ያለበትን ቢያገኙ ይመረጣል። ያለው ዩሪያ ብቻ ከሆነ ለ10 ሊትር ውሃ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፣ አፈሩም አስቀድሞ የረጠበ ይሁን።

የሚያሳስበኝ የፍጉ መገኛ ነው። በገጠር እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ማገዶ የሌላት እናት ምርጫ የላትምና የምፈርድባት አይደለሁም። ማሳው ግን ያጣዋል፤ ከተማ የሚመጣው ፍግም በዚያው ልክ ይወደዳል። ለአበባ መደብ ስንል ከዚያ ላይ መሻማት የለብንም። ከከተማው ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፤ ብስባሽ ሊሆን የሚችለው ይኸው ወደ ከተማዋ የቆሻሻ መጣያ፣ ወደ ቆሼ፣ ሲጓጓዝ ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። የጎመን ገለፈትና የቡና አተላ ከፕላስቲክ ተለይቶ በየግቢው ቢቀር የአበባችን ጥያቄ ግማሹ ይመለሳል።

ጋሼ ይህን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ጀምረውታል። አምስት ቤቶች የወጥ ቤት ትርፍራፊያቸውን በባልዲ ያመጡላቸዋል፤ መስከረም ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ጆንያ ብስባሽ ይወስዳሉ። ከእነርሱ ሁለቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ናቸው፤ ያላቸው በረንዳ ብቻ ነው። አንዱ ክምር አልበቃ ስላለ ጋሼ ከአጥሩ ሥር ለሁለተኛው ቦታ እየጠረጉ ነው፤ የሚጎድላቸው ደረቅ ነገር ነውና፣ በጋ ላይ የሚረግፈውን ቅጠል ማንም እንዳያቃጥለው ለሰፈሩ ልጆች ተናግረዋል።